ሻለቃው ኢመርጀንሲ አይልም

በኛ የአየር ኃይል ስኳድሮን ውስጥ ሰማይ ላይ ሆኖ «ኢመርጀንሲ» ያለ ሰው፣ በሰላም ቢያርፍም እንኳ ስሙን ይዞ አይወርድም። እናቱ ያወጣችለት ስም እዚያው አየር ላይ ይቀርና ሌላ ይሰጠዋል። የጭነት በር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶበት የተመለሰው ሻምበል፣ ሲታይ በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቶ የተበላሸው አምፖሉ ብቻ ስለነበር «በሩ» ተባለ። ይኸው ዛሬ ሚስቱ ሳትቀር «በሩ፣ ምሳ በላህ?» ትለዋለች። ልጆቹን ሊያስመዘግብ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጸሐፊዋ «አንተ ነህ እንዴ በሩ?» እንዳለችው ሲያወራ እንባው ይመጣል። ሌላው ደግሞ ሞተሬ ውስጥ ወፍ ገባ ብሎ ተመለሰና የተገኘው ፌስታል ሆነ። እሱም «ፌስታል» ነው። ሽበት ያበቀለ፣ ባለማዕረግ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው፤ ፌስታል።

እኔ «አፍንጫው» ነኝ። ሥራዬ የበረራ መሐንዲስነት ነው፤ ኮክፒት ውስጥ ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ ተቀምጬ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነዳጁና ስለ ኤሌክትሪኩ እጨነቃለሁ፣ እነሱ ደግሞ ከፊት ሆነው ይንቀባረራሉ። አንድ ጊዜ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» ብዬ አውሮፕላን አስመለስኩ። ወርደን ስንፈትሽ፣ ከኋላ ተሳፍረው የነበሩ አንድ ጄኔራል ጫማቸውን አውልቀው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽታ መናገር እርም ብያለሁ። ቤቴ ውስጥ ድስት ሲያር እንኳ ቀስ ብዬ ተነስቼ ምድጃውን አጠፋለሁ እንጂ ትንፍሽ አልልም።

እነዚህን ስሞች በሙሉ ያወጣው ሻለቃው ነው። ሻለቃው የስኳድሮኑ አንጋፋ አብራሪና የኛ አውሮፕላን አዛዥ ነው፤ ይባስ ብሎ ደግሞ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቤት ስንገናኝ ጋሼ እለዋለሁ፣ አየር ላይም ያመልጠኛል። እህቱን ለኔ ሲፈቅድልኝ ከእግር እስከ ራስ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በመላው ስኳድሮን ቅጽል ስም የሌለው አብራሪ እሱ ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም ደረቱ ላይ እንደተሰካ ሜዳልያ ነው የሚያየው። በሩና ፌስታል ደግሞ ሻለቃው አንድ ቀን «ኢመርጀንሲ» እስኪል በመጠበቅ ነው ያረጁት።

ችግር ሳይገጥመው ቀርቶ አይደለም። ሻለቃው ለችግር የራሱ ቋንቋ አለው። በራዲዮ «ትንሽ ጉዳይ አለችን» ካለ አንድ ሞተር ጠፍቷል ማለት ነው። «ናፈቃችሁን» ካለ ጎማው አልወርድ ብሏል። «ሻይ ልንጠጣ ብቅ እንላለን» ካለ የሚጨስ ነገር አለ። የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ለብዙ ዓመታት የኖሩት ሽማግሌ ይህን ቋንቋ አብጠርጥረው ያውቁት ነበር። «እሺ የኔ ልጅ፣ ና» ይሉና ማኮብኮቢያውን ያስለቅቁለታል፣ የእሳት አደጋ መኪናውንም ለልምምድ ነው ብለው ያስወጡለታል። ማንም ስሙን አያጣም፣ ማንም ሪፖርት አይጽፍም። ሽማግሌው በቅርቡ ጡረታ ሲወጡ ስጦታ ሰጥተን፣ አጨብጭበን ሸኘናቸው። ቋንቋውን ይዘውት እንደሄዱ ልብ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

የዚያን ቀን የጫንነው ፍራሽ ነው። አዲስ ለተሠራ ካምፕ የሚሆን፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ፍራሽ። ከፍራሹ ፊት ደግሞ ለአንድ ሰልፍ የሚሄድ የማርሽ ባንድ ከነጥሩምባውና ከነከበሮው ተሳፍሯል። ረዳት አብራሪያችን «አሜን» የምንለው መቶ አለቃ ነው። እሱ ስሙን ያገኘው በኢመርጀንሲ አይደለም፤ ሻለቃው ያለውን ሁሉ «በትክክል ጌታዬ» ስለሚል ነው። ሻለቃው በጠራራ ፀሐይ ዘነበ ቢለው ጃንጥላ ይዘረጋል።

ከተነሳን ብዙም ሳንቆይ ሸተተኝ። የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ዝም አልኩ። ሽታው ግን ዝም አላለም፤ እየበረታ መጣ። ሰዓቴን አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ፣ የጄኔራሉ ጫማ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠራረግኩና፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል?» አልኩ።

«በል።»

«የሆነ ነገር ይሸታል።»

ሻለቃው ዘወር እንኳ ሳይል ሳቀ። «አፍንጫው ጀመረው! ዛሬም ጄኔራል አለ እንዴ ከኋላ?»

«የለም፣ ባንዱ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ባንዱን ጫማችሁን አድርጉ በላቸው።»

«በትክክል ጌታዬ» አለ አሜን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ሳቁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጭሱ ነው።

ቀና ስል ከአሜን ራስ በላይ ካለው የማብሪያና ማጥፊያ ሰሌዳ ጀርባ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ያለ ትእዛዝ ተነስቼ የምችለውን የኤሌክትሪክ ብሬከር ሁሉ አጠፋሁ። ጭሱ ትንሽ ሰከን አለና እንደገና መጣ። በዚህ መሀል የባንዱ መሪ አንገቱን ወደ ኮክፒቱ አስገባ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ? ክላሪኔት ነፊዬ አስም አለበት።»

«የለም፤ ሂድና ተቀመጥ» አለው ሻለቃው። ከዚያ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየና፣ «እንመለስ» አለ።

ልቤ መለስ አለልኝ። ሻለቃው ራዲዮውን ተጭኖ፣ በሚያውቁት ቤት በር ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው በዘና ያለ ድምፅ፣ «ማማ፣ ዝሆን አንድ ነን። ሻይ ልንጠጣ ብቅ ልንል ነው» አለ። ዝሆን አንድ የአውሮፕላናችን መጠሪያ ነው።

የሴት ድምፅ መጣ። በሽማግሌው ምትክ የተመደበችው አዲሷ ተቆጣጣሪ ነበረች።

«ዝሆን አንድ፣ ጥያቄያችሁን ድገሙት።»

«ሻይ... ማለቴ መመለስ ፈልገን ነበር።»

«የምትመለሱበት ምክንያት?»

«ትንሽ ጉዳይ ነች።»

«ኢመርጀንሲ እያወጃችሁ ነው?»

«ኧረ! ምን ኢመርጀንሲ! እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው።»

«ተረድቻለሁ። እንግዲያው ተራችሁን ጠብቁ። ከፊታችሁ አንድ ተለማማጅ አብራሪ፣ አንድ ሄሊኮፕተርና አንድ ሣር ማጨጃ አለ።»

ሻለቃው ራዲዮውን ትክ ብሎ አየው። «ሣር ማጨጃ?»

«ማኮብኮቢያው ዳር ሣር እየታጨደ ነው። ትራክተሩ ሲጨርስ እጠራችኋለሁ።»

በልጅቷ አልፈርድም። ኢመርጀንሲ ናችሁ ወይ አለች፣ አይደለንም ተባለች፣ አመነች። በስኳድሮናችን ዕድሜ የተናገርነውን እንደተናገርነው ያመነን የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

መዞር ጀመርን። ከታች ትራክተሩ እንደ ክብሪት ቀፎ አንሶ ይታያል። በአንደኛው ዳር ይሄዳል፣ በሌላኛው ይመለሳል። አንዴማ ቆመና ሾፌሩ ወርዶ ከኮዳው ውሃ ጠጣ።

«ጋሼ፣ ኢመርጀንሲ በል።»

«የምን ኢመርጀንሲ? ይሄ እኮ ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው።»

«በትክክል ጌታዬ፣ እንፋሎ...» አለ አሜን። የቀረውን ሳል ወሰደበት።

«የኦክስጅን ጭንብል እናድርጋ!»

«ጭንብል ካደረግን ድምፃችን ይለወጥና ማማው ይጠረጥራል» አለ ሻለቃው። አሁንም ራዲዮውን ተጫነ። «ማማ፣ ያ ትራክተር ትንሽ ፈጠን ማለት አይችልም?»

«ዝሆን አንድ፣ ኢመርጀንሲ ናችሁ?»

ሻለቃው አፉን ከፈተ። ቃሉ ከንፈሩ ላይ መድረሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያ በአሸዋ አውሎ ነፋስ መሀል እያፏጨ የሚያርፍ ሰው ፈርቷል። የፈራው ደግሞ እሳቱን ብቻ አልነበረም፤ በሩንና ፌስታልን ነበር።

«አ... አይደለንም» አለ።

«እንግዲያው ሣሩ ይጨረስ።»

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን አስቤበት አደረግኩት ብል ውሸት ነው። ከኋላዬ ፍራሽ አለ፤ ከፍራሹ ፊት አስም ያለበት ክላሪኔት ነፊ አለ፤ ቤት ውስጥ ሚስትና ልጅ አለኝ። የራሴን ራዲዮ ተጫንኩና ጮህኩ፦

«ኢመርጀንሲ! ኢመርጀንሲ! ዝሆን አንድ፣ ኮክፒት ውስጥ ጭስ አለ!»

ሻለቃው እናቱን የሰደብኩበት ያህል ዞሮ አፈጠጠብኝ። ልጅቷ ግን ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም።

«ዝሆን አንድ፣ ማኮብኮቢያው የናንተ ነው። ስንት ሰው ናችሁ፣ ምን ጭናችኋል?»

የሰዉን ቁጥር ነገርኳትና «ፍራሽ» አልኩ።

«ፍራሽ፣ ተረድቻለሁ» አለች። «እሳት አደጋ እየወጣ ነው። ኑ።»

ወዲያው ከታች ያለው ዓለም ተለወጠ። ትራክተሩ ሣሩንና ክብሩን ጥሎ ቦዩን ዘሎ ጠፋ። ተለማማጁ ዞር አለ፣ ሄሊኮፕተሩ ራቀ፣ ቀዮቹ መኪኖች ተሰለፉ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንዲት ቃል ነው። እንዲህ ቀላል ከነበረ ስንዞር የከረምነው ለምንድን ነው ብዬ በንዴት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ጭንብላችንን አጠለቅን። እውነቱን ለመናገር ሻለቃው ያሳረፈን አስተራረፍ ግሩም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጭስ ውስጥ ጎማው መሬት መንካቱን ያወቅኩት ከድምፁ ነው።

ባንዱ በአደጋ ጊዜ መውጫው እየተንሸራተተ ወረደ። ከበሮ መቺው «ከበሮዬን ትቼ አልወርድም» ብሎ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ስለነበር ከኋላው ገፍተን ከነከበሮው ጣልነው። ማንም አልተጎዳም። መካኒኩ ሰሌዳውን ሲፈታ፣ በጣሪያው በኩል ወደ ጭነቱ የሚሄደው የሽቦ ጥቅል ከብረት መያዣው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልጣጩ አልቆ፣ ነዶ፣ ቀልጦ ተገኘ። «ጥቂት ብትቆዩ ፍራሹ ጋ ይደርስ ነበር» አለና ወሬውን ቀየረ።

ኮሎኔሉ ቢሮ ተጠራን። ኮሎኔሉ የስኳድሮኑ አዛዥ ናቸው። ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ምንም ሪፖርት የሌለበት ስኳድሮን የሚሸለመው ዋንጫ ይብረቀረቃል።

«የተቃጠለ ነገር አለ?» አሉ።

«ሽቦ ጌታዬ» አልኩ።

«ተቃጠለ ወይስ ሞቀ?»

«ጠቁሯል ጌታዬ።»

«ጥቁር ሽቦ ኖሮስ?»

«ቀይ ነበር ጌታዬ።»

ኮሎኔሉ ተነፈሱ። «ስሙኝ። ሪፖርት ከተጻፈ አውሮፕላኑ ይታሰራል፤ መሰሎቹም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይፈተሹ አይነሱም። ነገ ደግሞ ቤተሰቦቻችን ለእረፍት ወደ ሐይቁ የሚሄዱት በሱው ነው። ጉዞው ቀረ ብሎ ለባለቤቴ ማን ይነግራታል? አንተ ትነግራታለህ? ሽቦው ይቀየርና ነገ ይብረር።»

በጦር ሜዳ ጥይት የዘነበባቸው ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውን ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ይቀጥናል። እኔ ደግሞ ሚስቴና ልጄ ነገ በዚያ አውሮፕላን ይሳፈራሉ። አንዱ ሽቦ ተቀየረ፣ እሺ፤ ያው ብረት መያዣ ግን ጣሪያውን ሙሉ ሽቦ ይዞ ነው የሚሄደው። የቀረውን ማን አየው? ይህንን ጋሼ ይናገረው ብዬ ጠበቅኩ። ሻለቃውን አየሁት። መሬት መሬት እያየ «እሺ ጌታዬ» አለ።

ወደ ማረፊያ ክፍላችን ስንገባ ስኳድሮኑ በሙሉ እየጠበቀን ነው። በሩ ወንበር ላይ ወጥቷል። እኛ ከላይ ስንጨስ እነሱ ከታች ራዲዮውን እየሰሙ ስም ሲያማርጡ ኖረዋል።

«ሻዩ መጣ!» ብሎ ጮኸ ፌስታል።

«የለም፣ ትንሽ ጉዳይ ነው የሚሻለው!»

«ሣር ማጨጃው! ይሄ ይጽደቅ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሻለቃው ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት በሌሎች ፊት ላይ ነበር የማውቀው፤ ራሱ ስም ባወጣላቸው ቀን። አሳዘነኝ፣ ደስም አለኝ፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ።

«እኔ እንኳ» አለ በሩ ወንበሩ ላይ እንደቆመ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ በሩ እንኳ ባለፈው ሳምንት ያ አውሮፕላን ሲሸተኝ ብሬከር አጠፋሁና ጭጭ! ኢመርጀንሲ አላልኩም፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም!»

ሳቁ እንደገና ጀመረና መሀል ላይ ቆመ።

«ምን ሸተተህ?» አለ ሻለቃው።

«ያው... ፕላስቲክ ነገር።»

«በኛው አውሮፕላን?»

«በሱው።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ፌስታል ጆሮውን አከከ። «እኔንም ሸቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ብናገር ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከአንድ ስም በላይ መሸከም አልችልም።» ከወደ ጥግ ደግሞ አንዱ «እኔንም» አለ። ቀጥሎ ሌላው። የሸተተው ሁሉ እኔን ብቻ ነው ብሎ፣ ብሬከር አጥፍቶ፣ አውሮፕላኑን ለሚቀጥለው ሰው በፈገግታ አስረክቦ ነው የወረደው።

አሜን እጁን አወጣ። «እኔን ዛሬ ከአፍንጫው በፊት ነበር የሸተተኝ። ጌታዬን ካልሸተታቸው አይሸትም ማለት ነው ብዬ ነው።»

የሳቀ የለም። በሩ ከወንበሩ ላይ በቀስታ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የልጆቼን ሻንጣ ዛሬ ጠዋት የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ወንበራቸውን እንኳ እኔው ነኝ የመረጥኩላቸው። መስኮት ዳር።»

ሻለቃው ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ወረቀት ስጡኝ» አለ።

«ኮሎኔሉ...» አለ አንዱ።

«ወረቀት ስጡኝ አልኩ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲደልቅ ሁላችንም ኪሳችንን መፈተሽ ጀመርን። መጀመሪያ የጻፈው የራሱን ነው፦ ጭስ ማየቱን፣ ቃሉን አለመናገሩን፣ ያወጅኩት እኔ መሆኔን። ከዚያ በሩን ጠየቀው፣ ፌስታልን ጠየቀው። ኮሎኔሉ ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ደፍ ላይ ቆመው ኖሯል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም፤ ቆባቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡና «በቃ፣ ለባለቤቴ እኔው እነግራታለሁ» ብለው ወጡ። ጀግንነት ካየሁ ያኔ አየሁ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። ስልኬ ጮኸ። ሚስቴ ነበረች፤ ጆሮዬ ላይ ሳላደርገው ክፍሉ ሁሉ ሰማት።

«ጉዞውን የሰረዘው ማነው? ልጅቷ የዋና ልብሷን ለብሳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች! ማነው ይሄ ልበ ደንዳና?»

ምን እንደምል ስፈልግ ሻለቃው እጁን ዘረጋና ስልኩን ወሰደብኝ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ።»

«አንተ? አንተ ነህ የሰረዝከው? ጋሼ፣ ምን ነካህ?»

ሻለቃው ጀርባውን ሰጠን፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው። በሩና ፌስታል ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዛሬ ፈርቼ ነበር» አለ። «ሞት መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ እኔ የሰው ሳቅ ፈርቼ አፌ ተሳሰረ። ቃሉን ባልሽ ነው ያለልኝ። እሱ ባይኖር ነገ እናንተን...»

ሚስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አለችው፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። እሱ ግን የምታየው ይመስል ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው» አላት። «ደህና ነው። ሁላችንም ደህና ነን።»

ስልኩን መለሰልኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። ጎኑ ያለውን ወንበር ሳብ አደረገልኝና ብዕሩን አነሳ።

«ተቀመጥ» አለኝ። «መጀመሪያ የሸተተህ የት ላይ ስንደርስ ነው?»